ጠጥቶ ሲነዳ የተያዘ ሰው፣ አንድ ሌሊት ሁለት ጉዳይ

[ስክሪን ላይ፦ የታጠፈች ወረቀት፣ ጠረጴዛ ላይ]

ይቺን ወረቀት አያችኋት አይደል? ሰውየው ጠዋት ከጣቢያ ሲወጣ ሰጡት፣ ኪሱ ከተታትና ረሳት። ምን ያድርግ፣ ሌሊቱን አልተኛም፣ ቀበቶውን እየታጠቀ መኪናዬን የት ጎትተው ወሰዷት ብሎ ነው የሚያስበው፣ ደግሞ ቤት ምን ብዬ ልግባ የሚለው አለ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጃኬቱን ሊያጥብ ኪሱን ሲበረብር አገኛት፣ ዘርግቶ አነበባት፣ ቀኑ አልፏል።

ዛሬ የማወራው ስለዚች ወረቀት ነው። ጠጥቶ ሲነዳ የተያዘ ሰው በብዙ ቦታ የሚገጥመው አንድ ጉዳይ ሳይሆን ሁለት ነው፣ አንዱ ፍርድ ቤት ያለው የወንጀል ክስ፣ ሌላው የመንጃ ፈቃዱ ጉዳይ፣ እና ሰው ሁሉ የሚፈራው የመጀመሪያውን ሆኖ ሳለ ቀድሞ የሚደርሰው ሁለተኛው ነው። አስቀድሜ ልናገር፣ እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ ሕጉም ከአገር አገር ይለያያል፣ ምሳሌዎቼን በብዛት ከአሜሪካ ነው የማነሳው፣ መሃል መሃል እንግሊዝና ጀርመን እንገባለን።

እሺ ከመንገዱ እንጀምር። አሜሪካ ፖሊስ ዝም ብሎ አያስቆምም፣ ምክንያት ያስፈልገዋል፣ መስመር መርገጥ፣ ፍሬቻ ሳያሳዩ መታጠፍ፣ ማታ መብራት ሳያበሩ መንዳት፣ እንደዚህ ያለ ነገር። ከዚህ ውጪ የሆነው የፍተሻ ኬላ ነው፣ እሱን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1990 (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ይቻላል ብሎ ፈቅዷል፣ አንዳንድ ስቴቶች ግን በራሳቸው ሕግ ከልክለውታል። ካናዳ ደግሞ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ፖሊስ በሕጋዊ መንገድ ያስቆመውን ሹፌር፣ ባይጠረጥረውም እንኳን፣ መለኪያው እጁ ላይ ካለ ንፋ ሊለው ይችላል።

ከዛ መስኮቱ ይወርዳል፣ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ቀጥሎ ያቺ ጥያቄ ትመጣለች፦ ጠጥተሃል? እና መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ "ሁለት ብቻ"። የጠጣ ሰው ሁሉ የጠጣው ሁለት ነው፣ አንድ ያለ የለም፣ አምስት ያለም የለም። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ያቺ "ሁለት ብቻ" ሪፖርቱ ላይ ቃል በቃል ትጻፋለች፣ በቦዲ ካሜራም ተቀድታለች። ፊልም ላይ እንደምናየው "ዝም የማለት መብት አለህ" እስኪባል የሚጠብቅ ካለ ደግሞ ተሳስቷል፣ በ1984 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መንገድ ዳር ለሚጠየቅ ተራ ጥያቄ ያ ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም ብሏል፣ የተወሰነበት ጉዳይ ራሱ ጠጥቶ የነዳ ሰው ጉዳይ ነው። መብቱ የለም ማለት አይደለም፣ ማንም አያስታውስህም ማለት ነው እንጂ።

[ስክሪን ላይ፦ ነጭ መስመር፣ በመስመሩ ላይ የሚራመድ ጫማ]

አሁን ከመኪና ውረድ ይባላል። እዚህ ጋ ሦስት ፈተናዎች አሉ፣ በ1970ዎቹ በጥናት የተመረጡ ናቸው። አንደኛው ዐይን ነው፣ እስክሪብቶ ወይ ጣቱን ወዲህ ወዲያ ያደርግና ጭንቅላትህን ሳታንቀሳቅስ በዐይንህ ብቻ ተከተል ይላል፣ የሚያየው የዐይን ብሌን መንቀጥቀጥን ነው፣ አልኮል የገባበት ሰው ዐይኑ ወደ ጥግ ሲሄድ እንደ ሰነፍ የመኪና መስታወት መጥረጊያ እየዘለለ ነው የሚሄደው። ሁለተኛው ተረከዝን ከጣት እያገጣጠሙ 9 እርምጃ ሄዶ፣ ዞሮ፣ 9 እርምጃ መመለስ። ሦስተኛው በአንድ እግር 30 ሰከንድ መቆም።

ሰው ሳልወድቅ ጨረስኩ ካለ ያለፈ ይመስለዋል፣ እሱ አይደለም የሚቆጠረው። የእርምጃው ፈተና ላይ ፖሊሱ የሚጠብቃቸው 8 ምልክቶች አሉ፣ 2 ከታየ በቂ ነው፣ እና ከ8ቱ አንዱ ጀምር ሳይባል መጀመር ነው! ሌላው መመሪያው እስኪነበብ ድረስ በተባለው አቋቋም ቆሞ አለመጠበቅ ነው። ማለትም ፈተናው ገና መሄድ ሳትጀምር ተጀምሯል፣ ሚዛንን ብቻ ሳይሆን ሰውዬው ሁለት ነገር በአንዴ መያዝ ይችላል ወይ የሚለውን ነው የሚፈትኑት። ጉልበቱን የታመመ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ተረከዘ ረጅም ጫማ ያደረገች፣ እነዚህ ሰዎች ሳይጠጡም ሊሳሳቱ ይችላሉ፣ ለዛም ነው ጠበቆች በኋላ እዚህ ላይ ብዙ የሚከራከሩት።

እሺ፣ መለኪያው። ሁለት ዓይነት መለኪያ እንዳለ ብዙ ሰው አያውቅም። መንገድ ላይ የሚነፋባት ትንሿ በእጅ የምትያዝ አለች፣ እሷ በአብዛኛው ለማሰር በቂ ምክንያት አለኝ ለማለት ነው የምትጠቅመው። ፍርድ ቤት የሚቀርበው ቁጥር የሚመጣው ጣቢያ ካለው ትልቁ ማሽን ነው። እና ከመንፋቱ በፊት ብዙ ቦታ ቢያንስ 15 ደቂቃ ሰውየውን ቁጭ ብሎ ማየት ግዴታ ነው። ለምን? ማሽኑ መለካት ያለበት ከሳንባ የሚወጣውን አየር ነው፣ ሰውየው ካገሳ ወይ ካስመለሰው ግን ከሆድ የወጣው አልኮል አፉ ውስጥ ይቀርና ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ካገሳ ደቂቃው እንደ አዲስ ይቆጠራል። እስቲ አስቡት፣ አንድ ፖሊስና አንድ ሞቅ ያለው ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ፣ አንዱ የአንዱን አፍ እያየ 15 ደቂቃ። ከዛች ክፍል ቪዲዮ ላይ ፖሊሱ ፊቱን አዙሮ ፎርም ሲሞላ ከታየ ተከላካይ ጠበቃው ያንን ነገር አይለቀውም።

ቁጥሩስ? በአሜሪካ ለአዋቂ ሹፌር 0.08 ነው፣ ይህም በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 80 ሚሊ ግራም አልኮል ማለት ነው፣ ዩታ ብቻዋን ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ 0.05 አድርጋዋለች፣ የጭነት መኪናና የአውቶቡስ ሹፌር ከሆነ 0.04 ነው። እንግሊዝም 80 ነው፣ ስኮትላንድ ግን በ2014 ወደ 50 አውርዳዋለች፣ ስዊድን ደግሞ 20። ሰውነት አልኮልን የሚያወጣው በአማካይ በሰዓት 0.015 አካባቢ ነው፣ ቡናም ቀዝቃዛ ሻወርም አያፋጥነውም፣ ስለዚህ 0.15 ይዞ የተኛ ሰው ከ5 ሰዓት በኋላ ተነስቶ መሪ ቢይዝ ገና 0.075 አካባቢ ላይ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ የሚያዙ ሰዎች አሉ፣ እነሱ ደግሞ ከልባቸው ነው የሚገረሙት።

አልነፋም ካለስ? ይሄ ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። በአሜሪካ መንጃ ፈቃድ ይዘህ መንገድ ላይ ስትወጣ፣ በሕግ ከታሰርክ ለመመርመር ቀድመህ እንደተስማማህ ይቆጠራል፣ ይሄን ሕግ መጀመሪያ ያወጣችው ኒውዮርክ ናት በ1953። ስለዚህ እምቢ ማለት ይቻላል፣ ግን እምቢታው ራሱ ፈቃድን ያስወስዳል፣ ካሊፎርኒያ ለምሳሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ነፍቶ ከ0.08 በላይ የሆነ 4 ወር ሲታገድበት እምቢ ያለው ግን 1 ዓመት ነው። እንግሊዝማ ያለ በቂ ምክንያት ጣቢያ ላይ ናሙና አልሰጥም ማለት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ደምን በተመለከተ በ2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለይቶታል፣ ለታሰረ ሰው ትንፋሹን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መለካት ይቻላል፣ ለደም ግን በመርህ ደረጃ ትእዛዝ ያስፈልጋል። ዳኛው ሌሊት ስልክ ተደውሎለት ይፈርማል፣ ነርሷ ትመጣለች፣ ክንዱን አልኮል በሌለው ነገር ነው የምትጠርገው (በአልኮል ብትጠርገው ለጠበቃው ስጦታ ነው)፣ ደሙ ግራጫ ክዳን ያላት ቱቦ ውስጥ ይገባል፣ ውስጧ እንዳይረጋና እንዳይቦካ የሚያደርግ ዱቄት አለ። ከዛች ደቂቃ ጀምሮ ቱቦዋን የነካ ሰው ሁሉ ስሙ ይመዘገባል።

[ስክሪን ላይ፦ ወረቀቷ እንደገና፣ ተዘርግታ]

አሁን ወደ ወረቀቷ እንመለስ። ፖሊሱ ፈቃዱን ወስዶ የሚሰጠው ወረቀት ሁለት ነገር ናት፣ በአንድ ጎኗ ጊዜያዊ መንጃ ፈቃድ ናት፣ ካሊፎርኒያ ለ30 ቀን ታገለግላለች፣ በሌላ ጎኗ ደግሞ ፈቃድህ ሊታገድ ነው፣ መከራከር ከፈለግህ ጠይቅ የሚል ማስታወቂያ ናት። የመጠየቂያው ጊዜ ካሊፎርኒያ 10 ቀን፣ ቴክሳስ 15 ቀን ነው። ካልጠየቀ እገዳው በራሱ ይጀምራል፣ ማንም ደውሎ አያስታውሰውም። ፍርድ ቤት የመጀመሪያ ቀጠሮው ከዛ በኋላ ሊሆን ይችላል፣ እና ሰውየው ቀጠሮዬ ሲደርስ ሁሉንም ለዳኛው እነግረዋለሁ ብሎ ይቀመጣል፣ ዳኛው ግን ያንን መዝገብ አልያዘውም፣ የያዘው የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ነው። የሚፈለገው የማስረጃ ክብደትም ያነሰ ነው፣ ወንጀሉ ላይ ከጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ አለበት፣ እዛ ግን ሚዛኑ ትንሽ ካጋደለ ይበቃል።

ሁሉም አገር እንዲህ አይደለም። እንግሊዝ ፈቃዱን የሚነጥቀው ፍርድ ቤቱ ራሱ ነው፣ ጥፋተኛ ከተባለ ቢያንስ 12 ወር። ጀርመን በቁጥሩ ነው የምትለየው፣ ከ0.5 ፕሮሚል ጀምሮ (ፕሮሚል ከሺህ ስንት ማለት ነው፣ 0.5 ፕሮሚል በአሜሪካው አቆጣጠር 0.05 ነው) የደንብ ጥፋት ነው፣ 1.1 ሲደርስ መኪናውን ቀጥ አድርጎ ቢነዳም ወንጀል ነው፣ 1.6 ከሆነ ደግሞ ፈቃዱን መልሶ ለማግኘት የሕክምናና የሥነ ልቦና ምርመራ ማለፍ አለበት።

ፍርድ ቤቱን ቶሎ ቶሎ ልበለው። መጀመሪያ ክሱ ይነበባል፣ የእምነት ክህደት ቃል ይጠየቃል። አሜሪካ ብዙ ጊዜ ክሱ ሁለት ነው፣ አንዱ በአልኮል ተጽዕኖ ሥር ሆነህ ነድተሃል የሚል፣ ሌላው ቁጥርህ 0.08 ወይ ከዛ በላይ ነበር የሚል፣ ለሁለተኛው እንዴት እንደነዳህ አይጠየቅም፣ ቁጥሯ ብቻ ናት። ከዛ ጠበቃው ቪዲዮውን፣ የማሽኑን የጥገና መዝገብ፣ ሪፖርቱን ይቀበላል። ፖሊሱ መጀመሪያውኑ ያስቆመበት ምክንያት ሕጋዊ አልነበረም ከተባለና ዳኛው ከተቀበለው፣ ከዛ በኋላ የተገኘው ሁሉ፣ ቁጥሩም ጭምር፣ ሊወድቅ ይችላል። አብዛኛው መዝገብ ግን ምስክር ሳይሰማ በድርድር ነው የሚያልቀው፣ መቀጮ፣ ትምህርት፣ በክትትል ሥር የሚቆይበት የፈተና ጊዜ፣ አንዳንዴ እስር፣ ብዙ ስቴት ደግሞ መኪናው ላይ ካልተነፋበት ሞተር የማያስነሳ መሣሪያ ያስገጥማሉ፣ እሱ መንገድ ላይም እንደገና ንፋ እያለ ይጮሃል። የሚኖርበት አገር ዜጋ ያልሆነ ሰው አጥፍቻለሁ ከማለቱ በፊት ይሄ የመኖሪያ ወረቀቴን ምን ያደርገዋል ብሎ ጠበቃውን ይጠይቅ፣ አሜሪካ ከ2010 ወዲህ ጠበቃው ያንን የመንገር ግዴታ አለበት።

ጃኬት ኪስ ውስጥ የረሳው ሰውዬስ? እንበልና ጠበቃው ጎበዝ ነው፣ መንገዱ ላይ ያስቆሙበት ምክንያት አያስኬድም ብሎ ተከራከረ፣ ቁጥሩ ወደቀ፣ ዐቃቤ ሕጉ ክሱን አነሳ። ሰውየው ከችሎት እየሳቀ ወጣ፣ የመኪና ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፣ ጠበቃው እጁን ያዘው፣ "የት ልትሄድ ነው? ፈቃድህ እኮ ታግዷል።"