አንቲቦዲ የሌለው ሽሪምፕ እንዴት ይዋጋል?

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ ሽሪምፕ ስለሚባለው ትንሽ የውሃ እንስሳ ደም ላጫውታችሁ ነው የመጣሁት። ደሙ ሰማያዊ ነው፤ ኦክስጅን የሚሸከመው እንደኛ በብረት ሳይሆን በመዳብ ነው። በደም ሥር ውስጥ ብቻም አይዘዋወርም፤ የውስጥ አካላቱን በቀጥታ ያጥባቸዋል። ቫይረስ አንዴ ከገባ መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው።

እኛን ኩፍኝ አንዴ ከያዘን ሰውነታችን ቫይረሱን አይረሳም፤ ወራሪውን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ የሚባል ፕሮቲን አለው። ሽሪምፕ፣ ሸርጣንና ሎብስተር አንቲቦዲ አይሠሩም። በዚህ ምክንያት መከላከያቸውን "ኋላ ቀር" የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን በፍጹም አልስማማም።

ሕዋስ ወራሪን ሲውጥ በግልጽ የታየው በእነሱ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የእንስሳት ተመራማሪው ኤሊ ሜችኒኮፍ ዳፍንያ የምትባለውን የሽሪምፕ ዘመድ በማይክሮስኮፕ አያት። ደቃቅ ናት፣ ሰውነቷም ብርሃን ያሳልፋል። መርፌ የመሰለ የፈንገስ ዘር አንጀቷን በስቶ ሲገባ ሕዋሶቿ ከበው ሲበሉት ተመለከተ። በዚሁ የምርምር ጎዳና በ1908 የኖቤል ሽልማት ተጋራ።

ቫይረስ ግን ሕዋሱ ውስጥ ገብቶ ይደበቃል። እዚያ ምን ይደረግ? እኔን ሁሌም የሚያስገርመኝ መልሱ ነው። ብዙ ቫይረሶች ሲባዙ ረጅም ድርብ አርኤንኤ፣ ማለትም የጂን መልእክት የሚጻፍበት ሞለኪውል በጥንድ ክር፣ ይፈጠራል። ጤነኛ ሕዋስ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ሕዋሱ ወዲያው ይጠረጥራል። ዳይሰር የተባለው ኢንዛይም አርኤንኤውን ከ20 ፊደል ትንሽ በሚበልጡ ቁርጥራጮች ይከታትፈዋል። አርጎናውት የተባለው ፕሮቲን ደግሞ አንዷን ቁራጭ እንደ ተፈላጊ ሰው ፎቶ ይዞ ይዞራል። ከእሷ ጋር የሚገጥም የቫይረስ መልእክት ሲያገኝ ይቆርጠዋል። ጠላትን በራሱ ጽሑፍ ማደን ይሉታል ይህ ነው! ኋላ ቀርነቱ የቱ ላይ ነው?

ጠላትም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ነጭ ነጠብጣብ የሚባለው የሽሪምፕ ቫይረስ በሽታ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በምሥራቅ እስያ ታየ፤ አሥር ዓመት ሳይሞላ አሜሪካ አህጉር ደረሰ። አንድ የእርባታ ኩሬ ሙሉ ሽሪምፕ ከ3 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ሊፈጅ ይችላል። የተያዘ ሕዋስ ራሱን ገድሎ ቫይረሱን አብሮ ሊቀብር ሲሞክር፣ ቫይረሱ ይህን የሚያግዱ ፕሮቲኖች አሉት። ከዚህም የከፋ አለ። ሽሪምፑ ስታት የተባለውን ፕሮቲን ለማንቂያ ደወልነት ያነሳዋል፤ ቫይረሱ ያንኑ ፕሮቲን ጠልፎ የራሱን የመጀመሪያ ጂን ያስነሳበታል።

ይህን ሁሉ ማወቅ ምን ይጠቅማል? በ2000ዎቹ አጋማሽ ተመራማሪዎች ሽሪምፕን ድርብ አርኤንኤ ወጉት። ከቫይረሱ ጋር ባይገጥምም እንኳ መጠነኛ መከላከያ ሰጠ። ከቫይረሱ ጂን ጋር ሲገጥም ደግሞ ጥበቃው በጣም በረታ። ክትባት ብለን ባንጠራውም ሥራው ይቀራረባል።

ችግሩ ኩሬው ነው። እልፍ አእላፍ ሽሪምፕ አንድ በአንድ በመርፌ አይወጋም። አርኤንኤውም ውሃ ውስጥ ቶሎ ይበላሻል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው በመኖ በኩል ለመስጠት የሚደክመው፤ ባክቴሪያ አርኤንኤውን እንዲያመርት ይደረግና ከመኖው ጋር ይቀላቀላል። እኔም ተስፋ የጣልኩት እዚህ ላይ ነው፤ ሽሪምፑ መሣሪያው ቀድሞውኑ በእጁ አለ፣ ከእኛ የሚፈልገው የጠላቱን ፎቶ በጊዜ እንድናደርስለት ነው።

አመሰግናለሁ።