ከፈረንጅ አራዳ እስከ ጅሬን በእግር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ትናንት እሁድ በጠዋት ተነስቼ ከፈረንጅ አራዳ እስከ ጅሬን በእግሬ ወጣሁ። ጅማ ተወልጄ አድጌ ይህን መንገድ አንድም ቀን በእግሬ ጨርሼው አላውቅም፤ ሁሌ ባጃጅ ነው።

ፈረንጅ አራዳን ቀስ ብዬ ነው የዞርኩት። እስቲ ስሙን አስቡት። አራዳ የአዲስ አበባ ገበያ ነበር፤ ነቃ ያለ ከተሜ ማለት የሆነው ኋላ ነው። እዚህ ደግሞ ፈረንጅ ተጨመረበት። ጣሊያን ከ1936 እስከ 1941 (እ.ኤ.አ.) ጅማን ይዞ የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ ዋና ከተማ ሲያደርጋት፣ ሰፈሩን ለራሱ ሰዎች ለየ። ከዚያ ዘመን የቀሩት ቤቶች በረንዳቸው ሰፊ ነው፤ ለጅማ ዝናብ የታሰበ። አንዱ በር ላይ ቆሜ ብዙ አየሁ፤ ዘበኛው ምን ፈልገሽ ነው እስኪለኝ ድረስ።

እነዚህ ቤቶች እንዲፈርሱ አልፈልግም። ያሠራው ጣሊያን ቢሆንም ድንጋዩን የተሸከመው ያገሬ ሰው ነው። ደግሞ አያቴ በንጉሡ ጊዜ፣ ልጅ ሳለች፣ ለሰፈሩ ባለሥልጣኖችና ነጋዴዎች ወተት ታመላልስ ነበር። ሁልጊዜ በጓሮ በር ነው የምትገባው። በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ አታውቅም።

ከዚያ ወደ ጅሬን አቀናሁ። ከከተማው ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ የመጨረሻው ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራል። ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት የጅማ ትልልቅ ሰዎች ሰፈር ይህ ኮረብታ ነበር። ከ1878 እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) የነገሡት ሞቲ አባ ጅፋር ዳግማዊ ቤተ መንግሥታቸው እዚህ ነው። ለምኒልክ ገብረው አገራቸውን በራሳቸው ሲያስተዳድሩ ኖረዋል። ፎቁ የእንጨት ነው፤ እንጨቱን በእጄ ዳበስኩት። እንደዚያ ያለ የጠራቢ እጅ ሳይ ደረቴ ይሞላል።

ከላይ ሆናችሁ ስታዩ ከተማው ቁልቁል ተዘርግቷል። የሐሙሱ ሂርማታ ገበያ ከታች ነበር፤ ቡና፣ ማር፣ የዝባድ ሽቶ የጫነ ሲራራ ነጋዴ የሚገናኝበት። ሰውም ይሸጥበት ነበር። ይህን ሳልናገር ስለ ቤተ መንግሥቱ ውበት ብቻ ባወራችሁ ደስ አይለኝም። ያ ሁሉ ሀብት ከዚያ ገበያም ነው የወጣው።

ማታ አያቴ ጋ ደወልኩ። የትኛው ቤት ጋ እንደቆምኩ ነገርኳት፤ ወዲያው አወቀችው። ዝም አለች ትንሽ። ከዚያ፣

«ልጄ፣ ጓሮው ውስጥ አንድ ዘይቱን ነበር። ወተቱን እስኪቀበሉኝ ከሥሩ ነበር የምቀመጠው። አለ?»

በጓሮ በኩል አልዞርኩም ነበር። ለቅዳሜ ቀጠሮ ይዘናል፣ ቀስ እያልን አብረን እንሄዳለን።