«ወንድሜ ከአሜሪካ ዘንግ ላምጣልህ ይለኛል፤ የቱን ልበለው?» የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት በስልክ መስመሩ ላይ ስለ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግና ክር ስለሚጠቀለልበት መሣሪያ፣ ስለ ሪል አወራን። ደዋዩ ብዙ፣ ሰዓቱ ትንሽ ሆነና ግማሹን ሳልመልስ ሙዚቃ ገባ። ስለዚህ ጥያቄዎቹን እዚህ ጽፌያቸዋለሁ። በአየር ላይ አጭር መልስ የሰጠሁባቸውንም ትንሽ ሰፋ አድርጌያለሁ።

ከባሕር ዳር፦ «ወንድሜ አሜሪካ ነው የሚኖረው። ለጥምቀት ይመጣል። ምን ላምጣልህ ሲለኝ፣ ባስ የሚባለውን ዓሣ የሚያጠምዱበትን ቤይትካስተር ዘንግ ከነሪሉ አምጣልኝ አልኩት። ቪዲዮ ላይ አይቼው ነው። ከ100 ዶላር በላይ እንዲያወጣ አልፈልግም። የቱን ልበለው? ለጣናስ ይሆናል?»

ከመጨረሻው ልጀምር። ይሆናል። ባስ ጣና ውስጥ የለም፤ የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው። አድፍጦ ትናንሽ ዓሦችን የሚውጥ ስለሆነ ሉር በሚባል ዓሣ መሳይ ሰው ሠራሽ ማታለያ ይታለላል። እኛም ዘንድ እንዲህ ዓይነት ጠባይ ያለው አለ። ገበያ ላይ በደፈናው «ነጭ ዓሣ» የምንለው ላቤዮባርበስ አንድ ዓይነት እንዳይመስልህ። ተመራማሪዎች ጣና ውስጥ ብቻ 15 ያህል ዝርያ ለይተዋል፤ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ሌላ ዓሣ አሳደው የሚበሉ ናቸው። የባስ ዕቃ ለእነዚህ ልክ ነው። ለአምባዛም ይሆናል፤ ጉልበት አለውና። ቆሮሶ ከፈለግህ ግን ገንዘብህን አታባክን። እሱ በአብዛኛው አልጌና የውኃ እፅ ነው የሚበላው፤ ሉር ብትወረውርለት ዞር ብሎም አያይህ።

አሁን ወደ ግዢው። ዘንጉና ሪሉ ተጣምረው በአንድ ዋጋ ሲሸጡ «ኮምቦ» ይሏቸዋል። ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ ቢያንስ የማይገጥም ነገር አትገዛም። ቤይትካስተር ሪል ከዘንጉ በላይ ነው የሚቀመጠው። ዘንጉም ከመያዣው ሥር እንደ ጠመንጃ ቃታ ወጣ ያለች የጣት ማሳረፊያ አለችው። ስፒኒንግ የሚባለው ሌላው ሪል ግን ከሥር ይንጠለጠላል፤ የዘንጉ ቀለበቶችም ሰፋፊ ናቸው። የአንዱን ሪል በሌላው ዘንግ ላይ አትሰር። ቢታሰርም በደንብ አይሠራም።

ለወንድምህ እንዲህ በለው። ርዝመቱ 2 ሜትር ወይም ትንሽ ከፍ ያለ፣ ኃይሉ «ሚዲየም ሄቪ» (ከመካከለኛ ጠንከር ያለ)፣ አጣጣፉ «ፋስት» የተባለ ዘንግ። ፋስት ማለት ከጫፉ አካባቢ ብቻ የሚታጠፍ ማለት ነው፤ መንጠቆ ለመስካት ይመቻል። በ100 ዶላር ውስጥ ከሚገኙት የአቡ ጋርሲያ ብላክ ማክስ ኮምቦ የታወቀ ነው። ዕቃ የሚረጋገጥበት ቤት ከሆነ ደግሞ አግሊ ስቲክ ጂ ኤክስ 2 ይሻላል። ፋይበርግላስ የተቀላቀለበት ስለሆነ ክብደት አለው፣ ግን ቶሎ አይሰበርም። እኔ ብሆን ሁለተኛውን እመርጣለሁ። መኪና ጣሪያ ላይ ታስሮ ቁንዝላ ድረስ ለሚሄድ ዘንግ ቅልጥፍናው ምን ያደርግለታል?

አንድ ነገር ግን እንዳይረሳ። የቤይትካስተር ዘንግ አብዛኛው አንድ ወጥ ነው። 2 ሜትር የሚያህል እንጨት ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ለብቻው ካርቶን አስይዞ አየር መንገዱን መለመን ሊመጣ ነው። ከመግዛቱ በፊት «ሁለት ቁራጭ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቅ።

ከዘንጉ ወገብ በታች ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍም ፎቶ አንስቶ ይላክልህ። ስንት አውንስ ሉር እንደሚወረውር የተጻፈው እዚያ ነው። «ከ1/4 እስከ 3/4 አውንስ» ካለ ከ7 እስከ 21 ግራም ማለት ነው። ከዚያ በታች የሆነ ነገር በርካሽ ቤይትካስተር አይወረወርም። ሰው ሁሉ ብራንድ ይጠይቀኛል እንጂ ይህችን መስመር የሚያነብ ብዙ አላየሁም። ሪሉ መጥፎ ነው ከሚሉኝ ሰዎች የብዙዎቹ ችግር እዚህ ላይ ነው፤ 4 ግራም ነገር አስረው ለ21 ግራም በተሠራ ዘንግ ይታገላሉ።

ከፍኖተ ሰላም፦ «ቤይትካስተር ገዝቼ ነበር። በወረወርኩ ቁጥር ክሩ ይተበተባል። ተበላሽቷል መሰለኝ። ልመልሰው?»

አትመልሰው። መጀመሪያ ለምን እንደሚተበተብ እንይ።

ሸማኔ ሲሠራ አይተሃል። መወርወሪያው ውስጥ ያለችው ቀሰም፣ መወርወሪያው በተወረወረ ቁጥር እየዞረች ማጓን ትለቃለች። ቤይትካስተርም እንዲሁ ነው። ሉሩ ሲበር ክሩን ይጎትታል፣ ክሩ ደግሞ የተጠቀለለበትን ማጠንጠኛ ያዞራል። ሉሩ መሀል ላይ ፍጥነቱን ሲቀንስ ማጠንጠኛው ግን በያዘው ፍጥነት መዞሩን ይቀጥላል። የሚወስደው ያጣ ክር እዚያው ይከመራል። ስፒኒንግ ላይ ይህ ጣጣ የለም፤ ማጠንጠኛው ስለማይዞር ክሩ ከጫፉ ላይ እየተፈታ ነው የሚወጣው።

እኔ የመጀመሪያ ቀኔን አልረሳውም። ዓባይ ዳር፣ ከሰዓት በኋላ፣ አራት አምስት ልጆች ቁጭ ብለው እያዩኝ ነው። ባለ በሌለ ኃይሌ ወረወርኩ። ሉሩ እግሬ ሥር ጠብ አለ። ሪሉ ላይ ግን የተፈታ ጥጥ የመሰለ ነገር ተቆለለ። ተቀምጬ በጥፍሬ ስፈታ አንዱ ልጅ «ጋሼ፣ መቀስ ላምጣ?» አለኝ። በመጨረሻ መቀሱን አስመጣሁ። ግማሹ ክር እዚያ ቀረ።

ማስተካከያው ይኸውልህ። እጀታው አጠገብ ትንሽ ክብ ቁልፍ አለች። ሉርህን አስረህ ዘንጉን ሰያፍ ያዝ፣ የክር መልቀቂያውን ጠቅ አድርግ። ሉሩ ዱብ ካለ ቁልፏን አጥብቅ፤ ጭራሽ ካልወረደ አላላ። ቀስ ብሎ መውረድ አለበት። መሬት ሲነካ ማጠንጠኛው እዚያው ቀጥ ካለ ልኩን አግኝተሃል። ሉር በቀየርክ ቁጥር ይህን ትደግማለህ። በሌላው ጎን ያለው ባለ ቁጥር ፍሬን ደግሞ ማግኔት ነው። መጀመሪያ ላይ መጨረሻው ቁጥር ላይ አድርገው። እጅህ እየለመደ ሲሄድ አንድ አንድ ትቀንሳለህ።

ከዚያ አውራ ጣትህ ነው ሥራው። ሲወረወር ክሩን ነካ፣ ሉሩ ውኃውን ሊነካ ሲል ጫን። ይህን ማሽን አይሠራልህም፤ 300 ዶላር ያወጣውም ቢሆን አውራ ጣት ይፈልጋል። ውኃ ዳር ከመሄድህ በፊት መንጠቆውን አውልቀህ 14 ግራም የሚሆን እርሳስ እሰርና ኳስ ሜዳ ላይ ተለማመድ። በጉልበት አይደለም፣ በእርጋታ ነው የሚወረወረው። ሲተበተብብህ ደግሞ በጥፍር አትጀምር። ድራጉን (እጀታው ሥር ያለውን ኮከብ መሳይ ማጥበቂያ) እስከ መጨረሻው አጥብቀህ፣ ማጠንጠኛውን በአውራ ጣት ተጭነህ፣ እጀታውን ሁለት ሦስት ዙር አዙር። ከዚያ ለቀቅ አድርገህ ክሩን ሳብ። አብዛኛው ቋጠሮ በዚሁ ይፈታል።

ለባሕር ዳር ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል። ደቡብ ዳርቻ ላይ ቆማችሁ ስትወረውሩ ፊት ለፊት ነው የሚመታችሁ። ነፋስ ሉሩን ሲያዘገየው መተብተቡ ይብሳል። ጀማሪ ከሆናችሁ ማለዳ ውጡ።

ከደብረ ማርቆስ፦ «አንዱ ሪል 5.4፣ ሌላው 7.1 ይላል። ደግሞ አንዱ 12 ቦል ቤሪንግ (ኩሽኔታ) አለው ይላሉ፣ ሌላው 4። ብዙ ያለው አይሻልም?»

የመጀመሪያው ቁጥር እጀታውን አንድ ጊዜ ስታዞር ማጠንጠኛው ስንት ጊዜ እንደሚዞር ነው። 7.1 ፈጣን ነው፣ 5.4 ዝግተኛ ነገር ግን ጉልበተኛ። አንድ ሪል ብቻ ለሚኖረው ሰው 6 ተኩል አካባቢ ያለ ይበቃል።

ቤሪንጉን ተወው። ርካሽ ሪል ላይ ቁጥሩ ማሻሻጫ ነው። 12 መናኛ ቤሪንግ ከ4 ጥሩ አይበልጥም። አንድ ጊዜ «18 ቤሪንግ» የሚል የተጻፈበት ገዝቼ በሁለተኛው ሳምንት እጀታው በእጄ ላይ ወለቀ። ሻጩ እንዲያውም ተቆጣኝ፤ «ዓሣ አጠመድክበት እንዴ?» ብሎ። ሱቅ ውስጥ ከሆንክ ይልቅ እጀታውን ወደ ላይና ወደ ታች ነቅነቅ አድርገው። ከተንገጫገጨ ተወው። ማጠንጠኛውን በጣትህ አሽከርክረው፤ ድምፅ ሳያሰማ ቆየት ብሎ ከቆመ ደህና ነው።

ከሞጣ በጽሑፍ፦ «ክር የቱ ይሻላል? ድራጉንስ እንዴት ላስተካክል?»

እየተማርክ ከሆነ ተራ የናይሎን ክር፣ ጥንካሬው 12 ፓውንድ የሆነ። ትቆርጠዋለህና ርካሽ ይሁን። የተገመደው ክር ቀጭንና ጠንካራ ነው፣ እንቦጭና ደንገል መሀልም ቅጠሉን ቆርጦ የመውጣት ዕድል አለው። ግን ሲተበተብ ያስለቅሳል። እሱን የምትጠቀም ከሆነ ከሥሩ ጥቂት ሜትር ናይሎን ጠቅልል፤ አለዚያ በማጠንጠኛው ላይ ይንሸራተታል። ክሩን እስከ አፉ አትሙላው፣ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይቅር።

ድራግ ማለት ዓሣው ሲጎትት ክሩ ሳይበጠስ እንዲለቅ የሚያደርገው ነው፤ እጀታው ሥር ያለው ኮከብ መሳይ ነገር። የክሩን ጥንካሬ ሲሶ አድርገው። 12 ፓውንድ 5.4 ኪሎ ነው፣ ሲሶው 1.8 ኪሎ። ተንጠልጣይ ሚዛን ካለህ ክሩን አስረህ ጎትት፤ 1.8 ላይ መልቀቅ ከጀመረ ጨርሰሃል።

ከቁንዝላ፦ «በመረብ ነው የምንሠራው። ነጭ ዓሣ እየጠፋ ነው። በዘንግ ብንሠራ ያዋጣል?»

ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ለገበያ አያዋጣም። ዘንግ አንድ በአንድ ነው። ከውጭ የሚመጣ እንግዳ በጀልባ ይዘው ወጥተው ማጥመጃ ቦታውን ቢያሳዩ ግን ሌላ ገቢ ነው፤ ቦታውን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።

መጥፋቱ ላይ የታዘቡት ልክ ነው። በሞተር ጀልባና በመረብ ማጥመድ ጣና ላይ የተጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1986 ነው። ከዚያ ወዲህ የነጭ ዓሣው ቁጥር ክፉኛ ወርዷል። ብዙዎቹ ዝርያዎች ክረምት ላይ፣ በተለይ ነሐሴና መስከረም፣ እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዞች ይወጣሉ። ግልገል ዓባይ አንዱ ነው። ወንዙ አፍ ላይ መረብ ሲዘረጋ የሚያዘው እንቁላል የተሸከመው ነው። ዘንግ የያዛችሁም ብትሆኑ በእነዚያ ወራት ከወንዝ አፍ ራቁ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ክልሉም የራሱ ደንብ ስላለው ከመውጣታችሁ በፊት ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ብትጠይቁ ይሻላል። በሁዳዴ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ጥያቄ ግን ለአባቶች ትቻለሁ፤ በእሱ ሦስት ሰው ደውሎልኛል።

ከዳንግላ፦ «ልጄ 12 ዓመቱ ነው። ስልክ ላይ አይቶ ሪል ግዢልኝ እያለ አስቸገረኝ። ገንዘቡም የለኝም። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ቤይትካስተር አይግዙለት። ተምታቶበት ጥሎት ይመጣል። ከእንጅባራ ገበያ ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን ቀጥ ያለ ቀርከሃ ያምጡለት፤ ደረቅ፣ ያልተሰነጠቀ። ጫፉ ላይ የቀርከሃውን ያህል የሚረዝም ክር ይሰር። አንድ ትንሽ መንጠቆ፣ ከበላዩ ትንሽ እርሳስ፣ ከዚያ በላይ ለተንሳፋፊ የጠርሙስ ቡሽ። ከማሳ የቆፈረው ትል ወይም ጠንከር ያለ ሊጥ መንጠቆው ላይ ያድርግ። ለቆሮሶ ደግሞ ይህ ከማንኛውም የባስ ዕቃ ይበልጣል። ወደፊት ፍቅሩ ከጸናበት ትንሽ ስፒኒንግ ይግዙለት።

ብቻውን ግን አይሂድ። ዓባይና ጣና ዳር ከሄደ ደግሞ ጉማሬ አለ፤ ሲመሽ ለግጦሽ ከውኃ ይወጣል፣ ሲነጋ ይመለሳል። ልጁ በጉማሬውና በውኃው መሀል መቆም የለበትም።

ከዘጌ፦ «ታንኳ ላይ ሆኜ ቤይትካስተር ልጠቀም እችላለሁ?»

ትችላለህ፤ ተቀምጠህ ከሆነ። የደንገል ታንኳ ላይ ቆሞ መወርወር አይሞከርም። 2 ሜትር የሞላ ዘንግ ለተቀመጠ ሰው ይረዝማል፣ 1.80 አካባቢ የሆነ ፈልግ። ወደ ጎን ዝቅ አድርገህ ነው የምትወረውረው። ከኋላ የሚቀዝፍልህ ሰው ካለ ደግሞ ከመወርወርህ በፊት ጎንበስ በል በለው። እኔ ይህን ያወቅሁት የጓደኛዬ ባርኔጣ ከሉሩ ጋር አብሮ ሐይቁ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።