ከአደን በፊት ኢላማ
(ደብረ ማርቆስ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ እንደምን ዋላችሁ።

ጎጃም ውስጥ፣ ፉከራና ቀረርቶ ሲሰማ ባደገ ሰው ፊት ቆሞ ስለ ጠመንጃ ማውራት ድፍረት እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። ዛሬ የማነሣው ግን ስለ ተኩስ ጀግንነት ሳይሆን ከተኩሱ በፊት ስለሚደረገው ዝግጅት ነው። ከአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ለአደን ከመውጣቱ በፊት እንዴት ኢላማ ላይ እንደሚቃና እነግራችኋለሁ። ከዚያ በየቤታችን ስለተሰቀሉት አሮጌ መሣሪያዎች አንድ አደራ አለኝ።

እኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ፔንሲልቬኒያ ነው። እዚያ አጋዘን የሚታደነው በፈቃድ፣ በተቆረጠ ወቅትና በተቆረጠ ቁጥር ነው። ከአፈሙዝ ለሚጎርስ ጠመንጃ ደግሞ ለብቻው ወቅት አለው። በፈረንጆች ኦክቶበር ወር ባለ ማነጣጠሪያ መነጽር ዘመናዊው ይፈቀዳል። ከፈረንጅ ገና ማግስት የሚጀምረው ወቅት ግን ባልጩት ለሚመታው ለጥንታዊው ዓይነት ብቻ የተተወ ነው፤ ይህ ወቅት ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ፋብሪካው፣ ገንዘቡ፣ ቴክኖሎጂው ሁሉ ያለው ሕዝብ አያቶቹ ባደኑበት መሣሪያ ለማደን ሕግ አውጥቶ ቀን መለየቱ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ይህ ጠመንጃ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚተኩሰው። ባሩዱ ተለክቶ ይፈሳል፣ እርሳሱ ይከተላል፣ በዘንግ ይጎሰጎሳል፣ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ካፕሱል ይደረጋል። እንደገና ለማጉረስ የሰለጠነ እጅ እንኳ ጊዜ ይፈጅበታል፤ አጋዘኗ ቆማ አትጠብቅም። ልቧንና ሳንባዋን የሳተ ጥይት ሆዷን ቢመታት ጫካ ገብታ ስትማቅቅ ትሞታለች፤ አዳኙም አያገኛት፣ ሥጋዋም ለማንም አይበጅ። ለእኔ ከዚህ የባሰ ነውር የለም። ስለዚህ ወቅቱ ከመከፈቱ ሳምንታት አስቀድሞ ወደ ኢላማ ቦታ መሄድ ለእንስሳዋ የሚከፈል ዕዳ ነው።

መጀመሪያ የመነጽሩ ማሰሪያ ብሎኖች ይፈተሻሉ። የላላ ብሎን ካለ የቀረው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ ዓይን ከመነጽሩ በቂ ርቀት ይኑረው፤ ጠመንጃው ሲገፋ የመነጽሩ ጠርዝ ቅንድብ ይሰነጥቃል። ጠመንጃው በአሸዋ ከረጢት ላይ ይደገፍና በቅርብ ይጀመራል፤ 25 ያርድ፣ ማለትም 23 ሜትር ገደማ። ብዙ ሰው ቸኩሎ በቀጥታ በ100 ያርድ ይጀምርና ጥይቱ ወረቀቱን ጨርሶ ይስትበታል፤ ወዴት እንደሄደ ስለማያውቅ በየት በኩል እንደሚያርም ግራ ይገባዋል።

የመነጽሩ ማስተካከያ ሲዞር ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። በብዙዎቹ መነጽሮች አንዷ ጠቅታ በ100 ያርድ ላይ ጥይቱን ሩብ ኢንች፣ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ታንቀሳቅሳለች። በ100 ያርድ አንድ ኢንች ለማረም 4 ጠቅታ ይበቃል፤ በ25 ያርድ ግን ለዚያችው አንድ ኢንች 16 ያስፈልጋል። በአንድ ጥይት ተመርቶ ማስተካከያውን ማዞርም አይገባም። ሦስት ይተኮሳል፣ የሦስቱ መሀል ይፈለጋል፣ ከዚያ ብቻ ይታረማል። ሦስቱ ጥይቶች ተበታትነው ከሆነ ጥፋቱን መነጽሩ ላይ ከመጫን በፊት አጎራረሱን መመርመር ነው።

ምክንያቱም የዚህ ጠመንጃ ምስጢር አጎራረሱ ነው። ባሩድ ሲነድ በርሜሉ ውስጥ ጥላሸት ይተዋል። እናቶቻችን በየእንጀራው መሀል ምጣዱን እንደሚያስሱት፣ ተኳሹም በየጥይቱ መሀል በርሜሉን እርጥብ ጨርቅ ቀጥሎም ደረቅ ጨርቅ ሰዶ ያብሰዋል፤ ሳያብስ የቀጠለ ሰው አራተኛውን እርሳስ ወደ ታች ለማውረድ ይታገላል፣ ጥይቱም ሌላ ቦታ ያርፋል። የባሩዱ መጠን አምራቹ ከጻፈው አያልፍም፣ ከተኩስ ተኩስም አይለያይም። ዘንጉ ላይ ደግሞ ምልክት ይደረጋል፤ እርሳሱ በሚገባ ባሩዱ ላይ ሲቀመጥ ምልክቱ ከአፈሙዙ ጫፍ ጋር ይገጥማል። ምልክቱ ከፍ ብሎ ከታየ እርሳሱ መንገድ ላይ ቀርቷል። በእርሳሱና በባሩዱ መሀል ክፍተት ይዞ መተኮስ በርሜል ያፈነዳል። ጭስ የለሽ ባሩድ፣ የዘመናዊ ጥይት ውስጡ ያለውን፣ ለጥቁር ባሩድ በተሠራ በርሜል ውስጥ መጨመርም እንዲሁ፤ እጅ ያሳጣል፣ ነፍስ ያጠፋል። ባሩድ ከያዘ ቀንድ ወይም ቆርቆሮ በቀጥታ ወደ በርሜል ማፍሰስም ክልክል ነው፤ ፍም ቀርቶ ከሆነ እጅ ውስጥ ያለው ባሩድ ሁሉ ይነሣል። በትንሽ መለኪያ ብቻ።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። ከአፈሙዝ የሚጎርስ ነፍጥ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1533 ዓ.ም. ምጽዋ የወረዱት 400 ያህል ፖርቱጋሎች የያዙት ይህንኑ ነበር። ሰናድርና ውጅግራ ሲመጡ ከኋላ ስለሚጎርሱ አሮጌው ነፍጥ ቀስ እያለ ከሥራ ወጣ፤ ሰናድር ራሱ እኮ ከአፈሙዝ የሚጎርሰውን የእንግሊዝ ኤንፊልድ ኋላውን ቆርጠው የሠሩት ነው። ከሥራ ይውጣ እንጂ ከቤት አልወጣም። ከቅድመ አያት የወረደ ነፍጥ ግድግዳ ላይ ወይም ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ የሚገኝበት ቤት ዛሬም አለ፤ ለለቅሶና ለሠርግ የሚያወርደውም አለ።

አደራዬ እዚህ ላይ ነው። እዚህ አገር ያለ ፈቃድ ማደን በ1999 ዓ.ም. በወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ተከልክሏል፤ መሣሪያ መያዝም በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ይተዳደራል። ድኩላዋንና ሚዳቋዋን ተዉልን። በእነዚያ በተሰቀሉት ነፍጦችም አትተኩሱ፤ ዝገት ውስጥ ለውስጥ የበላው በርሜል ከውጭ አይታወቅም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ባለቤቱ አጉርሶ ሰቅሎት የሞተበት ነፍጥ መኖሩ ነው። ደረቅ ቦታ የኖረ ባሩድ ከብዙ ዓመት በኋላም ሊነድ ይችላል። ልጅ ቃታውን ሲጎትት «አሮጌ ነው፣ ምን ያደርጋል» አትበሉ።

የጎረሰ መሆኑን ማወቅ ቀላል ነው። ነፍጡ አፈሙዙ ወደ ሰው ሳይዞር ይጋደም። የእንጨት ዘንግ ከበርሜሉ ውጭ ከአፈሙዙ እስከ እሳት መግቢያዋ ቀዳዳ ይለካና ምልክት ይደረግበታል። ከዚያ በጎን ቆሞ፣ እጅንም ፊትንም ከአፈሙዙ ፊት አርቆ፣ ዘንጉን በቀስታ ወደ ውስጥ መስደድ። እስከ ምልክቱ ከገባ ባዶ ነው። ሁለት ሦስት ጣት ያህል ከቀረው ውስጡ አንድ ነገር አለ፤ ያን ጊዜ አትነካኩት፣ እሳት አታስጠጉ፣ ተኩሶ ማውጣትንም አታስቡ፤ ልጆችን አርቁና በአካባቢያችሁ ላለ ፖሊስ አሳውቁ።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለው በርሜል ቃታ የለውም፣ ኋላውም ተደፍኗል፤ ለማሳያ ብቻ ያመጣሁት ነው። በቀኝ በኩል ያላችሁ አባቶች ቀድማችሁ ኑ፤ ዘንጉን በየተራ ይዛችሁ ትለካላችሁ፣ ወጣቶቹ ይከተላሉ።