ሰሙ ብቻ ቀረ

እሺ... እየቀዳ ነው መሰለኝ። ቀዩ መብራት በርቷል።

ዛሬ ቀጠሯችን ስለ እንቅልፍ ነበር። ይቆይ። አውቃለሁ፣ እኔ "ይቆይ" ያልኩት ነገር የት እንደሚገባ ታውቃላችሁ። የሹፌሩ ታሪክ ክፍል ሁለትም እዚያው ነው ያለው። ግን አንዲት ግጥም ጭንቅላቴ ውስጥ ገብታ አልወጣ ብላኛለች። ሁለት መስመር ናት። በቅድሚያ ልበላት።

ወርቁን ላንጥረኛ ሰጥቼው ነበረ፣
ዓመት ደጅ ጠናሁኝ ሰሙ ብቻ ቀረ።

በቃ፣ ይቺው ናት።

ግማሾቻችሁ ይሄኔ ፈታችኋት። ፈገግ ብላችሁ "ይሄማ ቀላል ነው" እያላችሁ ነው። ሊቀ ተንታኝም እንደዚያ ነው ያለው። ሊቀ ተንታኝን የማያውቅ አዲስ አድማጭ ካለ... ይደርስበታል፣ አይቸኩል።

የአጎቴ ልጅ መሸኛ ነበር። አዝማሪ ቤት ነን። ጠረጴዛችን ሙሉ ነው፣ ጩኸቱ ሌላ ነው። እኚህ እናት ግን ከእኛ ጋር አልነበሩም። ግድግዳውን ተደግፈው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ማታውን ሙሉ አልሳቁም፣ አላጨበጨቡም። ከዚያ ድንገት "ተቀበል!" አሉ።

ድምፃቸው ትልቅ አልነበረም። የአዝማሪ ጆሮ ግን ታውቁት የለ? መሰንቆውን ሳያቋርጥ ዞረ። "ይበሉኝ እናቴ!" አለ።

የመጀመሪያዋን መስመር አሉለት። ተቀበለ። "አንጥረኛ" የምትለዋን ጎተት አድርጎ ደጋገማት። ሁለተኛዋን አሉለት። እዚህ ጋ አስተውሉ። እሳቸው "ሰሙ"ን አላልተው ነው ያሏት። ሰ፣ ሙ። የሰም ሰሙ። አንጥረኛው ቤት ያለው ሰም። በዚህ እምላለሁ። ማለቴ፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እምል ነበር።

አዝማሪው አንድ ጊዜ እንዳሏት አላት። ሲደግማት ግን ደጋኑን ለቅጽበት ያዝ አደረገና አጠበቃት። "ዓመት ደጅ ጠናሁኝ... ሰምሙ... ብቻ ቀረ።" ማን ሰማ? እነሱ ሰሙ!

ቤቱ ተናጋ። እልልታው፣ ፉጨቱ። ግንባሩ ላይ ብር የሚለጥፈው ሰው ተሰለፈ። ውጭ ያደገችው ዘመዳችን "ምንድን ነው? ምን አሉ?" ትላለች። በዚህ ጊዜ ማን ይነሳል? ሊቀ ተንታኝ ይነሳል እንጂ!

ቆሞ ፈታላት። ቆሞ ነው የምላችሁ። "ወርቁ ጉቦ ነው። ሴትዮዋ ጉዳይ ነበራቸው። እጅ መንሻ ሰጡ። ዓመት ሙሉ ቢሮ ለቢሮ ተንከራተቱ። ባለሥልጣኖቹ አቤቱታቸውን ሰሙ። ብቻ ነገሩ እንዲሁ ቀረ።" እሱም ተጨበጨበለት። በነገራችን ላይ አፈታቱ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ኅብሩን፣ ማለቴ ሁለት ትርጉም የያዘችውን ቃል፣ ይዞታል። ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ሠሃን ላይ አስቀመጠው።

እሳቸው ሰሙት። ቀና ብለው አዩት። አልተቆጡም። ግን አልሳቁምም። እንዲህ ብቻ አሉት፤ "ልጄ፣ ወርቅ ነው ያልኩት።"

ከዚያ ወደ ብርሌያቸው ተመለሱ። አዝማሪው ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ። እኛም ወደ ጨዋታችን ተመለስን።

ልጄ፣ ወርቅ ነው ያልኩት። እንግዲህ ይሄ ምን ማለት ነው?

አንደኛው፣ "የተናገርኩት ወርቁን ነው፣ አንተ ገና ሰሙ ላይ ነህ" ማለት ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ሊቅ ናቸው፣ ሊቀ ተንታኝን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀመጡት። ሌላው ደግሞ ምንም ምስጢር የሌለው ነው። ወርቅ ማለት ወርቅ ነው። ሀብላቸውን ለአንጥረኛ ሰጡ፣ ሰውዬው አስቀረባቸው፣ አለቀ። ቅኔ የለም፣ ኅብር የለም። የተበላ ወርቅ ብቻ አለ። እኛ ደግሞ ለተበላው ወርቃቸው እልል አልን።

ይሄን ሳስብ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። አንጥረኛ ቤት ሰም አይቀርም እኮ! ሥራው እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሰሙን ይቀርጻል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ያቃጥለዋል። ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ወርቁ በቦታው ይገባል። ቀሪው ወርቁ ነው። የሳቸው ግጥም ገለበጠችው። ሂያጁ ቀረ፣ ቀሪው ሄደ። እንዲህ ያለ ነገር በአጋጣሚ ይመጣል? እኔ እንጃ። ሊመጣም ይችላል። ሰው ሲናደድ ያምርለታል።

ለጓደኞቼ በቴክስት ላክኋት። ደግሞ ሌላ ጉድ። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላት አያሳይም። ስለዚህ ግማሾቹ ገና ሲያነቧት "ሰምሙ" ብለው አነበቧት። ለእነሱ ሰሙ ሰም ሆኖ አያውቅም፣ በቀጥታ ወርቁ ላይ ወደቁ። አንዷ ደግሞ "ሰሙ የተባለው ብዙ ሰው ነው ወይስ አንድ አንቱ የሚባል ሰው?" አለችኝ። ኧረ ተይኝ! እሱን አላሰብኩትም ነበር። አንድ ሰው ከሆነ እኮ ታሪኩ ሁሉ ይቀየራል። ቢሮው ይጠፋና አንድ አባወራ ይመጣል፣ አንድ አማች...

የመስቀለኛ ቃላት ሱሴን ታውቃላችሁ። አዎ፣ በእስክርቢቶ። አትጀምሩኝ። አግድምና ቁልቁል የምወደው ለምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። ሳጥን አለው። መልስህ ስህተት ከሆነ ቁልቁል የሚመጣው ቃል ያጋልጥሃል። እንግሊዞች ደግሞ ምስጢራዊ የሚሏት ዓይነት አለቻቸው፣ የእኛን ሰምና ወርቅ የምትመስል። ፍንጩ ላይ ላዩን ሲነበብ ስለ አንድ ነገር ያወራል፣ ውስጡ ሌላ ነው። ግን በአንድ በኩል የቃሉ ፍቺ አለ፣ በሌላ በኩል የፊደል ጨዋታው አለ። ሁለቱም መንገድ አንድ ቃል ላይ ነው የሚያደርሰው። ሲገጥም ቋ ይላል። ማንንም "ልክ ነኝ?" ብለህ አትጠይቅም። ቅኔ ሳጥን የለውም። ቅኔ ቤት ቢሆን መምህሩ አሉ። ተማሪው ጉባኤ ቃናውን ይዞ ይቀርባል፣ እሷም ሁለት መስመር ናት። መምህሩ ያርማሉ፣ ይፈታሉ፣ "ይበል" ካሉ ይበል ነው። አዝማሪ ቤት ግን ማን አለ? ሊቀ ተንታኝ።

ሳጥኑም ቢሆን አያድንም ለካ። የዴይሊ ቴሌግራፉን ሰውዬ ነገር አንብባችኋል? ሊዮናርድ ዶው ይባላል፣ ርእሰ መምህር ነው፣ ለጋዜጣው መስቀለኛ ቃላት ያዘጋጅ ነበር። በፈረንጆቹ 1944፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ጦሩ ፈረንሳይ ኖርማንዲ ዳርቻ ላይ ሊያርፍ ሲል፣ የዘመቻው ምስጢራዊ ስሞች ሳጥኑ ውስጥ ተራ በተራ ብቅ ማለት ጀመሩ። ዩታ። ኦማሃ። ኦቨርሎርድ። መልበሪ። ኔፕቱን። የደህንነት ሰዎች መጡበት። መረመሩት። ሰውዬው ደግሞ ምንም የሚያውቀው የለም! አስቡት፣ ቃላት ገጣጥመህ ቤትህ ቁጭ ብለሃል፣ መንግሥት መጥቶ "ወርቁን አውጣ" ይልሃል። "ሰም ብቻ ነው" ትላለህ፣ ማን ይስማህ? ከብዙ ዓመት በኋላ፣ 1984 ላይ፣ የድሮ ተማሪው የነበረ ሰው ብቅ አለና "ቃላቱን የምንሰጠው እኛ ተማሪዎቹ ነበርን፣ ከወታደሮቹ እየሰማን" አለ። እና ወርቅ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም? አዘጋጁ አላስቀመጠም። ግን ነበረ።

ለምንድን ነው ይሄን የማወራው? አዎ። ስለ አዝማሪው። ያጠበቃት እሱ ነው። እሳቸው ካላጠበቋት፣ ወርቁ የማን ነው? ሌላ ቀን አግኝቼው ጠየቅኩት። "እኔ የተቀበልኩትን ነው ያልኩት እመቤቴ" አለኝ። ውሸቱን ነው። ወይም እንጀራው ነው፣ አልፈርድበትም።

እሺ፣ አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እስካሁን እየዞርኩ ያለሁት ስላልፈለግኩት ነው።

ቅኔ ቤት ያደጉ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አሉኝ። ግጥሟን ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሟት። የሊቀ ተንታኝን አፈታት ነገርኳቸው፣ "ደህና ነው" አሉ። "ደህና ነው" ሲሉ ታውቋቸዋላችሁ። ከዚያ "'ቀረ'ንስ ፈታችሁት?" አሉኝ።

"ቀረ" ማለት ተረፈ ነው። ቀረ ማለት ሳይፈጸም ቀረ ነው። ቀረ ማለት ደግሞ... ሳይመጣ ቀረ። ሰው ቀረ። "ሰሙ፤ ብቻ ቀረ።" እነሱ ሰሙ፣ እሱ ግን አልመጣም።

እሱ ማነው?

"ወርቁን ላንጥረኛ ሰጥቼው ነበረ።"

ስንት ወርቁ የሚባል ሰው እናውቃለን?

እውነቴን ነው፣ ደነገጥኩ። ምክንያቱም ወዲያው የመጣብኝ ግጥሟ አይደለችም፣ መልሳቸው ነው። "ልጄ፣ ወርቅ ነው ያልኩት።" ጩኸት አለ፣ መሰንቆ አለ፣ ሰው ይስቃል። "ወርቅ ነው" ነው ያሉት ወይስ "ወርቁ ነው"? "ልጄ" ሲሉ ሊቀ ተንታኝን ነው የጠሩት ወይስ... "ልጄ ወርቁ ነው ያልኩት።" ልጄን ነው ያልኩት። ደጅ መጥናት ደግሞ ለቢሮ ብቻ አይባልም እኮ፣ ታቦት ደጅም ይጠናል።

የሰዋስው ሰዎች ወዲያው "ወርቁን ነው ያልኩት መባል ነበረበት" ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። በዚያ ጩኸት ውስጥ ያቺ "ን" ብትዋጥስ?

ቪዲዮ ነበረን። የአጎቴ ልጅ ስልክ ላይ። አይቼዋለሁ። የሚጀምረው አዝማሪው "ሰምሙ" ሲል ነው፣ ከዚያ በፊት ያለውን አልቀረጸችም። የሳቸው መልስ ላይ ደግሞ ሊቀ ተንታኝ እየሳቀ ነው፣ ማይኩ አጠገብ። "ልጄ" ይሰማል። "ወር" ይሰማል። ሃሃሃሃ ይላል።

ለእሱ ነገርኩት። "ኧረ አታብዢው፣ ግጥም ነው" አለኝ። የሚገርመው፣ ልክ ሊሆን ይችላል። ዶውም ምንም አያውቅም ነበር። ሰው ፈልጎ ወርቅ ካላወጣ አያርፍም። እኔ ራሴ ቅድም ሀብል ነው ብዬ ሀብሉን አሳመርኩት፣ አሁን ልጅ አመጣሁ። ነገ ደግሞ...

ተመልሼ ልፈልጋቸው ብዬ አስቤ ነበር። ባገኛቸውስ ምን ልበል? "እናቴ፣ ያቺ 'ሰሙ' ላልታ ነው ጠብቃ?" ልበል? ወይስ "ልጅ ነበርዎት?" በምን አፌ?

ደግሞ አንዱም አልገጠመልኝም። ወርቁ ልጅ ከሆነ አንጥረኛው ማነው? ልጅ ለማን ነው የሚሰጠው? እሳት ላለበት ቦታ ነው የሚሰጠው፣ አይደል? ዘመቻ? ስደት? ደላላ? "ሰጥቼው ነበረ" ነው ያሉት፣ "ወሰዱብኝ" አላሉም፤ ሰጥቼው ነበረ... እና እነሱስ ምኑን ነው የሰሙት? ቆይ፣ ከሰሙማ...