በቅጥር ቅጹ ላይ ስለገባው የዕዳ ጥያቄ

የተከበራችሁ የማኅበራችን የሥራ አመራር አባላት፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ክቡራን እንግዶች፤

እንድናገር የተጋበዝኩት ስለ ቅጥር አሠራራችን አጠቃላይ ይዞታ ነበር፤ ትናንት ማታ ግን ረቂቁን የጋራ የማመልከቻ ቅጽ ሳነብ ተራ ቁጥር 14 ላይ ስደርስ ቆምኩ። አመልካቹ ከባንክ ወይም ከብድርና ቁጠባ ተቋም የወሰደው ብድርና የአከፋፈል ታሪኩ እንዲጣራ በፊርማው እንዲፈቅድ ይጠይቃል። አዘጋጆቹ አይቀየሙኝ፤ የቀረው ቅጽ መልካም ነው። ዛሬ የምናገረው ስለዚህች አንዲት መስመር ነው።

ከዓመታት በፊት ለአንድ የገንዘብ ያዥ መደብ ካወዳደርናቸው መካከል አንዲት ወጣት በጽሑፍም በቃልም አንደኛ ወጣች። ማስረጃዎቿን በሰማያዊ ክላሰር በየተራቸው አስገብታ፣ ዋናውንና ኮፒውን ጎን ለጎን አድርጋ ያቀረበች፣ በካልኩሌተር የሠራችውን ሒሳብ በእርሳስ ደግማ የምታመሳክር ልጅ ነበረች። የቅጥር ደብዳቤዋ ሊጻፍ ሲል ከኮሚቴው አባላት አንዱ ባንክ ውስጥ ላለ ወዳጁ ደወለና ስሟ ካልተከፈለ ብድር ጋር ተያይዞ መገኘቱን ነገረን። ጠርተን ጠየቅናት። ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «እኔ አንድ ብር አልተበደርኩም፤ ወንድሜ ታክሲ ሲገዛ ዋስ ሆኜ ፈረምኩለት፤ መኪናው ተገለበጠ፣ እሱም እግሩ ተሰብሮ ተኛ» አለች። ከክላሰሩ መጨረሻ የክፍያ ደረሰኞች አወጣች፤ የሰው ልጅ እያስጠናች ከምታገኘው ላይ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ስትከፍል ቆይታለች። ደረሰኞቹን ተቀባብለን አየን፤ ከዚያም ሁለተኛ የወጣውን ቀጠርን። በቃለ ጉባኤው ላይ «ለመደቡ ተስማሚ ሆና ባለመገኘቷ» ተብሎ ተጻፈ። ከአምስቱ ፊርማዎች አንዱ የእኔ ነው።

እስኪ ልጠይቃችሁ፤ ያቺ ልጅ ጥፋቷ ምንድን ነው? ገንዘብ ያዥ ስንቀጥር ደመወዝተኛ ተያዥ አምጣ የምንለው እኛው ነን። ለሰው ዋስ የሚሆን ባይኖር አንድም ገንዘብ ያዥ አንቀጥርም ነበር፤ እሷን ግን ዋስ በመሆኗ መለስናት!

በምኒልክ ዘመን አበዳሪና ተበዳሪ በቁራኛ ታስረው፣ አንዱ የሌላውን እርምጃ እየተከተለ አብረው ይውሉ እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጭካኔ ነው እንላለን፤ ነገር ግን በዚያ ሥርዓት አበዳሪውም አብሮ ይታሰር ነበር። በተራ ቁጥር 14 ተበዳሪውን የሚያስረው አንዲት ሳንቲም ያላበደረው አሠሪ ነው፤ እሱ ራሱ የሚታሰርበት ነገር የለም።

ደግሞስ የምናጣራው መዝገብ ምን ያሳየናል? በብሔራዊ ባንክ ሥር ያለው የብድር መረጃ ቋት የተዘረጋው አበዳሪዎች ብድር ከመስጠታቸው በፊት ተበዳሪውን እንዲያውቁበት ነው። የሰፈር ሱቅ የዱቤ ደብተር እዚያ የለም፤ ዕቁቡን ቀድሞ በልቶ የጠፋ ሰውም እዚያ የለም። ከ2014 ወዲህ መላና እንደኪሴ በተባሉት የቴሌብር የስልክ ብድሮች የጎደለውን የሚሞላው ሰው ቁጥር ስፍር የለውም፤ የወር መጨረሻ ጉድለት ደግሞ የሌብነት ምልክት ከሆነ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማን ይቀራል? መጀመሪያ እኔን አስወጡኝ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ሕጉ ባለዕዳም ቤት ልጆች እንደሚበሉ ስላወቀ ሁለቱን እጅ ተወለት። እኛ ሦስቱንም እጅ በአንድ ፊርማ ልንወስድበት ነው! ሥራ የከለከልነው ባለዕዳ በምን ይክፈል?

አሜሪካ እንኳ፣ ይህ ልማድ በተስፋፋበት አገር፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ወጥቶ በኋላ የተሻሻለው ሕግ ባለጉዳዩ በጽሑፍ እንዲፈቅድና ሥራውን ከመከልከሉ በፊት የሪፖርቱ ቅጂ እንዲሰጠው ያስገድዳል፤ የኒውዮርክ ከተማም እ.ኤ.አ. በ2015 ከተወሰኑ መደቦች በቀር ማጣራቱን ከለከለች። የእኛ ቅጽ ቅጂ ስለመስጠት አያነሳም። ፈቃድስ ይጠይቃል ትሉኝ ይሆናል፤ ሥራ ፈላጊ ቅጽ ፊት ቁጭ ብሎ አልፈርምም የሚልበት አቅም አለው?

ገንዘብ የሚይዝ ሰው ጉዳይ ያሳስበናል ለምትሉ፣ ድንገተኛ ቆጠራ አለ፤ የካዝና ቁልፍ ለሁለት ሰው መስጠት አለ። እነዚህን በወጉ ብንሠራባቸው የማንንም ዕዳ አንጠይቅም።

ከሰዓት በኋላ በረቂቁ ላይ ድምፅ ትሰጣላችሁ። ተራ ቁጥር 14 እንዲሰረዝ የሚጠይቀውን ማሻሻያ ጽፌ ለጸሐፊው ሰጥቻለሁ፤ ከሥሩ የፈረምኩት እስካሁን ብቻዬን ነኝ። ወረቀቱ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል፤ እስክሪብቶም አስቀምጫለሁ።

አመሰግናለሁ።