ክፍተቱንም እናስተምር

የተከበራችሁ የፊዚክስ መምህራን፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

ፀሐይን ስለሚዞሩት ድንጋያማ አካላት፣ ስለ አስትሮይዶች እንድናገር ተጋብዣለሁ። የያዝኩት ግን ቅሬታ ነው። ያቺን የፈተና ጥያቄ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። «የአስትሮይድ ቀበቶ በየትኞቹ ፕላኔቶች መካከል ይገኛል?» ማርስና ጁፒተር። አለቀ! ምዕራፉ ተዘጋ።

አሜሪካዊውን የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዳንኤል ኪርክውድን ላንሳላችሁ። የገበሬ ልጅ ነው። በአሜሪካ ገጠር ሲያስተምር አንድ ተማሪው አልጀብራ መማር ፈለገ። መምህሩ ራሱ አልጀብራ አያውቅም። አላባረረውም። መጽሐፍ ይዘው አብረው ተማሩ። ያ የገጠር መምህር ኋላ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1866 የታወቁት አስትሮይዶች 100 እንኳ አይሞሉም ነበር። እሱ ግን ሌሎች የለኩትን፣ አስትሮይዶቹ ከፀሐይ ያላቸውን አማካይ ርቀት ደርድሮ ማንም ልብ ያላለውን አየ፤ ቀበቶው ውስጥ ክፍተት አለ።

አንዱ ክፍተት ከፀሐይ እስከ ምድር ባለው ርቀት 2.5 እጥፍ ላይ ነው። እዚያ ያለ አስትሮይድ ጁፒተር አንዴ ሲዞር ሦስቴ ይዞራል። ስለዚህ የጁፒተር ስበት በየ12 ዓመቱ ገደማ በተመሳሳይ ሁኔታ ይጎትተዋል። ዥዋዥዌን ጊዜውን እየጠበቁ እንደ መግፋት ነው። ምሕዋሩ ይበልጥ ሞላላ እየሆነ ይሄድና የማርስን፣ አንዳንዴም የምድርን መንገድ ያቋርጣል። ይህን በ1980ዎቹ በኮምፒውተር ስሌት ያሳየው ተመራማሪው ጃክ ዊዝደም ነው።

እንዲህ ያለው የዙር መገጣጠም ሬዞናንስ ይባላል። ደግሞ ሬዞናንስ ሁሌ አያባርርም። የሂልዳ ቡድን የተባለው የአስትሮይዶች ስብስብ ጁፒተር ሁለቴ ሲዞር ሦስቴ ይዞራል። ወደ ጁፒተር ምሕዋር በተጠጋ ቁጥር ጁፒተር ሌላ ቦታ ነው። ሬዞናንሱ ጠበቀው! ትሮጃን የሚባሉት አስትሮይዶችም ከጁፒተር 60 ዲግሪ ያህል ቀድመውና ተከትለው አብረውት ይዞራሉ።

እ.ኤ.አ. በ2023 ሉሲ የተባለችው መንኮራኩር ድንቅነሽ በተባለች አስትሮይድ አጠገብ አለፈች። ስማችን ሰማይ ላይ ወጣ ብለን አጨበጨብን። መንኮራኩሯ ወደ ትሮጃኖቹ እየሄደች እንደሆነ ለስንቱ ተማሪ ነገርነው? እዚያ ድንጋዮቹን ማን እንደያዛቸውስ? በስም ብቻ መኩራት ይብቃን! ልጆቻችን ስሌቱም ይገባቸዋል!

የአስትሮይዶቹ ርቀት በነፃ ይገኛል። ግራፉን ለመሳል ካሬ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ፈተና የምታወጡ እዚህ አላችሁና፣ በሚቀጥለው ግራፉን ስጧቸው፤ «2.5 ላይ ለምን ባዶ ሆነ?» ብላችሁም ጠይቁልን።

አመሰግናለሁ።